በእናቴ ቀሚስ ያለችው ሴትዮ

ፎልደሩ ውስጥ 1,312 ፎቶ ነበር። ግድግዳው የሚችለው 40 ነው። እኔ ደግሞ በትምህርቴ ኢንጂነር፣ በሥራዬ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ስለዚህ መፍትሔው ወዲያው ታየኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምንኖር የስማዳ፣ የጋይንትና የእስቴ ልጆች ሠርግ ወይ ለቅሶ ካልሆነ አንገናኝም። አንድ ቀን ከለቅሶ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከመካከላችን አንዱ «ለምን የየቤታችንን የድሮ ፎቶ ሰብስበን አንድ ቦታ አንሰቅለውም?» አለ። ሁሉም ወደደው። ያው እንደተለመደው ሐሳብ ያመጣው ሰው ጠፋና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ተብዬ። አገራችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ፕሪንተር ይጠግናል፣ የጠፋ የፌስቡክ ፓስወርድ ይመልሳል። ፎቶ መምረጥ ቢጨመርበት ምን ይገርማል?

መሰብሰቡ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የደረሱን በሰው ኪስ ነው። ከወገዳ የሚመጣ ሰው ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል፤ ካርዱ ውስጥ ፎቶውም፣ መዝሙሩም፣ የማናውቀው ሰው የጥርስ ኤክስሬይም አለ። በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም በቴሌግራም ይልክ ጀመር። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን እንደ ፋይል ካልላክኸው ያጭቀዋል፤ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ያወርደዋል። አንዱ ለአንዱ፣ ያኛው ለሌላው ሲያስተላልፈው የቆየ ፎቶ እኔ ጋ ሲደርስ የተላቆጠ ሽሮ መስሎ ነው። አብዛኛው ደግሞ ፎቶ የተነሣ ፎቶ ነው፤ አልበሙ ላይ ያለው ላስቲክ ያብለጨልጫል፣ ጥጉ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት አለ።

ወገዳን ለማታውቁ፣ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር ፎቶ የሚባል ነገር የሚኖረው ፎቶ አንሺው ሲመጣ ብቻ ነበር። ሠርግ ሲኖር ካሜራውን አንጠልጥሎ በእግሩ ይመጣል። 36 የምታነሣ አንዲት ፊልም ናት ያለችው፤ እንደ ጥይት ቆጥሮ ነው የሚተኩሳት። ፊልሙ ከተማ ወርዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ። የተነሣው ሰው የራሱ መመዘኛ ነበረው፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ አለመሳቅ፣ እጅና እግር ሙሉ በሙሉ መታየት። እግር የተቆረጠበት ፎቶ ከመጣ «እኔን መቼ አነሣኸኝና?» ተብሎ ብሩ አይከፈልም። ይህን መመዘኛ ኮድ ስጽፍ አላስታወስኩትም። ማስታወስ ነበረብኝ።

ስክሪፕቱን በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩት። ሦስት ነገር ይለካል። አንደኛው ጥርት ማለትን ነው። ላፕላሲያን የሚባል ስሌት አለ፤ ምስሉ ውስጥ ብርሃኑ ከነጥብ ወደ ነጥብ ምን ያህል በድንገት እንደሚለዋወጥ ያያል። ሹል ጠርዝ የበዛበት ፎቶ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል፣ ብዥ ያለው ዝቅ ያለ። ሁለተኛው ብርሃኑን ነው፤ የጠቆረው ወይ የነጣው ክፍል ከበዛ ነጥብ ይቀንሳል። ሦስተኛውን «ውበት» ብዬ ሰየምኩት። ለዚህ ጎግል ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ኒማ በሚባል ሞዴል ተጠቀምኩ፤ ፎቶ ስትሰጠው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጥሃል። ለብቻዬ እየሳቅሁ «ውበት» የምትል አምድ ጠረጴዛው ላይ ሳያት በጣም ነው የኮራሁት። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የቆየሁበት ፍሬ ታየኝ።

ውጤቱ ሲወጣ በጥርትነት አንደኛ የሆነው የጤፍ ክምር ነው። አንድ ሰው አውድማ ላይ ያነሣው፤ ሰው የለበትም፣ ጭድ ብቻ። ላፕላሲያን ጭድ ይወዳል፤ እያንዳንዷ ሰበዝ ጠርዝ ናት። ሁለተኛ የወጣው አንዱ ተሳስቶ የላከው የስምንተኛ ክፍል የፈተና ውጤት ነው። ፊደልና መስመር የሞላበት ወረቀት ከዚህ በላይ ሹል ጠርዝ ከየት ይመጣል? እነሱን በእጄ አወጣሁና ሦስቱንም ነጥብ ደምሬ የላይኞቹን 40 ለየሁ። ጉና ተራራ ከጥዋት ጉም በላይ፣ በድሮን የተነሣ ሠርግ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ አደይ አበባ ከቅርብ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንደገና።

ይህን ይዤ ወደ አንዲት ፎቶ አንሺ ሄድኩ፤ የሥራ ባልደረባዬ እህት ናት። በሠርግና በምርቃት ትኖራለች፣ የራሷን ሥራ በትርፍ ጊዜዋ ትሠራለች። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ጋይንትን በካርታ እንኳ አታውቀውም። አርባውንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቆንጆ ናቸው» አለች። «የባንክ ካላንደር ላይ ይሄዳሉ።»

ተናደድኩ። ሞዴሉ እንዴት እንደተሠራ ላስረዳት ሞከርኩ፤ እያስረዳሁ ግን ራሴን ሰማሁት። ኒማ ውበትን የተማረው ከ250,000 በላይ ፎቶዎች ካሉበት አቫ ከሚባል ክምችት ነው። ነጥቡን የሰጡት አንድ የኢንተርኔት የፎቶ ውድድር ላይ የሚሳተፉ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ካሜራ ያላቸው፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚወዱ ሰዎች። እነሱ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ግን የወገዳ ሠርግ ላይ ማን ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ማን ለምን እንዳልሳቀ የሚያውቅ እዚያ ውስጥ የለም።

«የጨለማዎቹንስ ምን አደረግሃቸው?» አለችኝ። ማጀት ውስጥ፣ በር ላይ፣ ምሽት ላይ የተነሡት ሁሉ ነጥባቸው ወድቆ ነበር። ጥቁር ፊት በጨለማ ቤት ውስጥ፤ ስሌቱ «ብርሃን አነሰው» ብሎ ይቀጣል። እሷ ታዲያ የሸርሊ ካርድን ታሪክ ነገረችኝ። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። ማሽኑ የሚስተካከለው የሷ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ነው፤ ከዚያ የኛ ፊት በዚያው ማሽን ይታጠባል። የልጅነት ፎቶዎቻችን ላይ ጥርስና ዓይን ብቻ የሚታየን ለምን እንደሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ «ቴክኒክ» ስል ገለልተኛ ነገር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ «ትክክለኛ» የሚለው ቃል ውስጥም የሆነ ሰው ፊት አለ።

ቤት ገብቼ ዝርዝሩን ገለበጥኩት፤ ከታች ወደ ላይ ማየት ጀመርኩ። 1,297ኛ ላይ አያቴን አገኘኋት።

ፎቶውን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ሠርግ ላይ ነው፣ ጥር 1987 ዓ.ም.፣ ከመወለዴ በፊት። አያቴ ያላት ፎቶ ይኸ ብቻ ነው። መሽቷል፤ የፎቶ አንሺው የፍላሽ ባትሪ አልቋል ይላሉ፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም አድርጎ ይከፈታል፣ በዚያ መሃል ሰው ከተነቃነቀ ይሟሟል። የሆነ ሰው ጠርቷት ዞር አለች። ቀሚሷ ጥርት ብሏል፣ በእጇ የያዘችው ዋንጫ እንኳ ይታያል፤ ፊቷ ግን የለም። ዓይን የሚመስል ጥላ፣ አፍ የሚመስል ጥላ። እኔ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ነበረች፤ የማስታውሰው አንገቷና አገጯ ላይ ያለውን ንቅሳት ነው፤ በጣቴ እየተከተልሁ እቆጥረው ነበር።

እዚህ ላይ ኢንጂነርነቴ እንደገና ተነሣብኝ። የተበላሸ ፊት የሚያድስ ጂኤፍፒጋን የሚባል ሞዴል አለ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በነጻ ይገኛል። አስገባሁለት። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፊት ሰጠኝ። ዓይን ከነሽፋሽፍቱ፣ የከንፈር ጠርዝ፣ ለስላሳ ጉንጭ። ስክሪኑ ፊት እንባዬ መጣ ብላችሁ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ። በዚያው ቅጽበት ለአክስቴ በቴሌግራም ላክሁላት፣ ወገዳ፤ ልጇ ስልኩን ይዞ አሳያት። ከዚያ ደወለች።

«ማናት ይቺ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እማማ ናት እኮ። በኮምፒውተር አደስኳት።»

ዝም አለች። ደግማ እንዳየችው ገባኝ። «ልጄ፣ የእናቴን ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ ናት። ማናት?»

ስልኩን ስዘጋ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ልክ ናት። ሞዴሉ የሰለጠነው ፍሊከር ላይ ከተሰበሰቡ 70,000 የፊት ፎቶዎች ነው። ብዥ ያለ ፊት ስትሰጠው የጠፋውን አይፈልግልህም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሊኖር ይችላል ብሎ የሚገምተውን ፊት ይሠራልሃል። አገጯ ላይ ትንሽ ጥቁር ጥቁር ያለ ነገር ነበር፤ በዋናው ፎቶ ላይ ከእህል ጠጠር የማይበልጥ። ንቅሳቷ ነው። ሞዴሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አጥቦታል። በላፕላሲያን ስለካው የአዲሷ ሴትዮ ነጥብ ከአያቴ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ«ውበት»ም ትበልጣለች።

ፋይሉን አጠፋሁትና የመጀመሪያውን ፎቶ ይዤ ፎቶ አንሺዋ ጋ ተመለስኩ። አሁን ገብቶኛል ባይ ነበርኩ። ለቴክኒክ ጥራት ብዙ ቦታ ሰጥቼ ነበር፤ አሁን ለስሜት እሰጣለሁ፤ አያቴ ግድግዳው መሃል ትሰቀላለች። ለዚህም ማስረጃ ይዣለሁ፤ ሮበርት ካፓ በ1944 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ ላይ ያነሣቸው ብዥ ያሉ ፎቶዎች ከጦርነቱ ታዋቂ ፎቶዎች መሃል ናቸው፣ መጽሐፉን ራሱ «ትንሽ ከፎከስ ውጪ» ብሎታል አልኳት። ሳቀች። «ፎከስ ማድረግ ያልቻለ ፎቶ አንሺ ሁሉ ካፓን ይጠራል» አለች። «ላብራቶሪው ፊልሙን አቀለጠበት የሚለውን ታሪክ እንኳ አሁን ብዙ ሰው ይጠራጠረዋል። የራሳችሁን ሰው ላሳይህ።»

ስልኳ ላይ ያሳየችኝ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶ ነበር። መቅደላ በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. ከወደቀች በኋላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ። አባቱ ከደብረ ታቦር ሴባስቶፖልን እያስጎተተ ወደ መቅደላ የሄደው በእኛ በጋይንት በኩል ነው፤ ልጆች ሳለን ይህን ስንሰማ መድፉ ትናንት ያለፈ ይመስለን ነበር። የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች፣ መሐንዲሶችን፣ ይዞ ነበር የዘመተው። የነሱ ፎቶዎች ጥርት ያሉ ናቸው፤ ተራራው፣ ሰፈሩ፣ በቅሎው፣ ሁሉ ይቆጠራል። ዓለማየሁን ግን በዚያው ዓመት በጋ፣ በዋይት ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ይቺ ሴት ካሜራ እጇ የገባው በ48 ዓመቷ ነው። ሰዎቿን ለደቂቃዎች እንዳይነቃነቁ ታስቀምጣለች፤ ፎቶው ለስለስ፣ ብዥ ብሎ ይወጣል። የዘመኗ የፎቶ ማኅበር መጽሔት ፎከስ አትችልም ብሎ ነቅፏታል። አሁን ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የፎቶ ሠዓሊ ሲባል የሷ ስም ሳይነሣ አይታለፍም።

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ለብቻው ወደ ውስጥ የገባ ፊት። (ልብሱን ማን እንዳስመረጠው፣ በማን ፊት እንደተቀመጠ ሳስብ ደግሞ ያንገሸግሸኛል፤ ፎቶው ማማሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አያጸዳውም። በ18 ዓመቱ፣ በ1879 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው እንግሊዝ ሞተ።)

«ታዲያ ይኸው!» አልኳት። «ብዥታ ጥፋት አይደለም።»

«የሷ ብዥታ ምርጫ ነው። የአያትህ ብዥታ ባትሪ ማለቅ ነው።»

«ፎቶው ይህን በምን ያውቃል?»

ይህኛውን አሰበችበት። «እውነትህን ነው፣ ፎቶው አያውቅም። እንግዲያው የአንሺውን ሐሳብ እንተወውና ፎቶውን ብቻ እንየው። አያትህ ባትሆን ትመርጣት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ዘዴ አበጀን። ወደ 200 የሚሆኑ ፎቶዎችን፣ ከላይም ከታችም ደባልቀን፣ በትንሹ አሳጠብናቸውና በሁለት እሑድ ወለል ላይ ዘረጋናቸው። ሕጉ አንድ ነበር፦ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በኋላ ምን እንደደረሰበት መናገር አይቻልም። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ብቻ። ስለሚታየው ነገር ደጋግመህ የምትለው ካጣህ ይነሣል።

በዚህ ሕግ መጀመሪያ የረገፉት የኔ የላይኞቹ አርባ ናቸው። ጉና፤ ተራራ፣ ጉም፣ ብርሃን፤ በቃ። ሦስት ቃል። ግን ቴክኒክ ዋጋ የለውም ማለት እንዳይመስላችሁ። አንድ የተማሪዎች የቡድን ፎቶ ነበር፣ 50 ልጆች በሦስት ረድፍ፣ ከእስቴ የመጣ። የሚያምር ነገር ሁሉ ነበረው፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዷ ቀና ብላ ታያለች። ግን ቴሌግራሙ አጭቆት ፊቶቹ ሁሉ ምስር አክለዋል። ትልቅ ሲታጠብ ምንም አይነበብም። ላኪውን አስፈልገን «እንደ ፋይል» እንዲልከው አስደረግን፣ ያኔ ገባ። እንዲህ ዓይነቱ ብዥታ ምንም አይጨምርም፣ ዝም ብሎ ይሰርቃል። ከፎቶ አንሺዋ የተማርኩት ነገር ካለ ይኸ ነው፦ ስሕተቱ ቢወገድ ፎቶው ይሻላል ወይስ ይጠፋል ብሎ መጠየቅ።

ከዚያ አያቴ ላይ ደረስን። ተራው የኔ ነበር።

«ሴት ናት። ዞር ብላለች። ዋንጫ ይዛለች። ከኋላዋ ድንኳን አለ።»

«ሌላ?»

«ቀሚሷ…»

«ሌላ?»

ሌላ የለም። የቀረው ሁሉ፣ የንቅሳቱ ቁጥር፣ የቅቤው ሽታ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላ መሸፈኗ፣ እኔ ውስጥ ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በራሴ እጅ አነሣኋት። ስክሪፕቱም እኔም አንድ ውጤት ላይ ደረስን ማለት ነው፤ እሱ ግን በተሳሳተ ምክንያት።

አንድ ሌላ ፎቶ ነበር፤ ከሷ ጥቂት ቦታ ከፍ ብሎ፣ 1,250 አካባቢ። ከታች ጋይንት የመጣ የለቅሶ ፎቶ። አገር ቤት እንደምታውቁት ሟቹ ወጣት ከሆነ ፎቶው በፍሬም ይወጣል፤ አንዷ ወደ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። አንሺው ከፊት ሆኖ ፍላሽ አብርቷል፤ መብራቱ ፍሬሙ መስተዋት ላይ ተመትቶ ተመልሷል። ስለዚህ የሟቹ ፊት ባለበት ቦታ ያለው ጨርሶ የነጣ አራት ማዕዘን ብርሃን ነው። ስሌቱ «ነጭ በዛ» ብሎ የጣለው በዚህ ነው። ከሥሩ ወደ 20 ሰው አለ፤ ሁሉም ብርሃኑን ያያሉ። የአንዷ እጅ ደረቷን ልትመታ ወርዳ ተንቀሳቅሳለች፣ ጭስ መስላለች። ከዳር አንድ ሕፃን ብቻ ወደ ካሜራው ያያል። አድማሱ ያዘነበለ ነው፣ የአንድ ሽማግሌ ራስ ግማሹ ተቆርጧል። ስለዚህ ፎቶ ሁለታችን ሃያ ደቂቃ አወራን፤ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ማወቅም አላስፈለገንም። መስተዋቱ ላይ ያለው መብራት ቢወገድና የልጁ ፊት ቢታይ ኖሮ ተራ የለቅሶ ፎቶ ይሆን ነበር።

ማስፈቀድ ግን አለ። የላኩት የሟቹ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ከላኩልን ውስጥ የለቅሶውን መርጠነዋል፤ ትልቅ ተደርጎ ቢሰቀል ይፈቅዱልናል ወይ?»

«የቱን? ያን ፊቱን መብራት የበላውን?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምነው ልጄ? እሱ እኮ አይታይም። ጉርድ ፎቶውን ልኬላችሁ አልነበር?»

ልከው ነበር። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፤ ሰማያዊ መደብ፣ ቀጥ ያለ ትከሻ፣ ሁለት ጆሮ። ስክሪፕቱ ከመላው ፎልደር 9ኛ ያደረገው፤ የቴክኒክ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ። ለምን ያኛውን እንደመረጥን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሰው ሁሉ ብርሃኑን እያየ ነው፣ ፊቱ አለመታየቱ ነው ፎቶውን… እያልኩ ወደ አንድ ወንድሙን ወደቀበረ ሰው ጆሮ ይህን ስልክ ላይ ማለት ምን እንደሚመስል ገባኝና አቆምኩ። እኔ አያቴ ላይ ያደረግሁትን እኒህ ሰው በወንድማቸው ላይ እንዲያደርጉት ነው የምጠይቃቸው። የገዛ ሰውህን ትተህ ፎቶውን እይ ማለት።

ትንሽ ቆይተው «ስቀሉት» አሉኝ። «ግን ጉርዱን አጠገቡ አድርጉልኝ። የመጣው ሰው መብራት ነው የሞተው እንዳይል።»

እንዳሉት አደረግን። ትልቁ ፎቶ፣ አጠገቡ ደግሞ ጉርዱ፣ በራሱ መጠን፣ ሦስት በአራት ሳንቲሜትር። ፎቶ አንሺዋ መጀመሪያ አልተዋጠላትም፤ ትልቁን ያዳክመዋል ብላ ነበር። ከተሰቀለ በኋላ ምንም አላለችም። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። አንዳንዴ ያስተካከሉን እሳቸው ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ትልቁ ብቻውን ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ።

ያልተመረጡትን 1,272 ፎቶዎች በትንሹ አሳጥበን አልበም ውስጥ ከተትናቸው፤ ከአዳራሹ መግቢያ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር፣ በመክፈቻው ምሽት ሰው የተጋፋው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ይኸውልሽ አባዬ!» «ይቺ እኮ የኛ ጎረቤት ናት!» ግድግዳው ዘንድ የሚቆመው ጥቂት ሰው ነበር፤ የሚቆመው ግን ቶሎ አይሄድም። ስጀምር ሁለቱን ሥራ አንድ አድርጌ ነበር ያሰብኳቸው፣ በአንድ ነጥብ የሚለኩ። አዲስ አበባ ውስጥ የነዋሪዎችን የቤተሰብ ፎቶ የሰበሰበውና በመጽሐፍ ያወጣው የቪንቴጅ አዲስ አበባ ሥራ ይህን ከኛ በፊት ያሳየ ነው፤ እዚያ ተራ የሰፈር ፎቶ አጠገብ ዓይን የሚይዝ ፎቶ ተቀምጦ፣ አንዱ ሌላውን አይረግጠውም።

አክስቴ የደወለችው በማግስቱ ነው። ልጇ ፌስቡክ ላይ የአዳራሹን ፎቶ አሳይቷታል፣ ግድግዳውን ፈልጋ አጥታታለች።

«እናቴን የት ሰቀልሃት?»

«ግድግዳው ላይ አይደለችም እትዬ። አልበም ውስጥ ናት።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «የቷ ናት?» አለችኝ። «ያቺ ሴትዮ ናት?»

«አይደለችም። ያቺን አጠፋኋት። ዋናዋ ናት፣ ብዥ ያለችዋ።»

«እህ። አልበም ይሻላታል። ግድግዳ ላይ ፀሐይ ይበላታል» አለች። ከዚያ ስለ ገብሱ ነገረችኝ።